ከቆሻሻ መርከቡ ያልወጣው የጽዳት ሠራተኛ፦ ስለ ቀደምት የጠፈር ጀብዱ ጨዋታዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው በልጅነታቸው፣ አጎታቸው ይሠሩበት በነበረ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእህታቸው ጋር አንድ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ የጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው በአንድ ግዙፍ የጠፈር ቆሻሻ መርከብ ሆድ ውስጥ ነው። ማውሱን ሲጫኑ ሰውየው ይራመዳል፤ አንድ ነገር እንዲሠራ ለማዘዝ ግን በእንግሊዝኛ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። በቆሻሻው ክምር መካከል አንዲት ትንሽ መርከብ አግኝተው ገቡባት፤ ሞተሯን ማስነሳት ግን አልቻሉም፤ በዚህ መካከል አጎታቸው መሥሪያ ቤት ለወጡና ጨዋታው በዚያው ቀረ። «ስሙ ምን ነበር? ዛሬ ማግኘትስ ይቻላል? ከዚያ ወዲህ ስንት ያማረ ጨዋታ ተጫውቼ ሳለሁ፣ ያልጨረስኩት ያ አንዱ ብቻ ለምን ከሐሳቤ አይወጣም?» ይላሉ።

ጨዋታው «ስፔስ ኩዌስት» ከተባሉት ተከታታይ ሥራዎች ሦስተኛው ሲሆን፣ ሲየራ ኦንላይን የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1989 ያወጣው ነው (በዚህ ምላሽ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጽዳት ሠራተኛው ስም ሮጀር ዊልኮ ይባላል፤ ይህ ስም በሬዲዮ የሚነጋገሩ አብራሪዎች «ሰምቻለሁ፣ እፈጽማለሁ» ለማለት የሚጠቀሙባቸውን ቃላት የያዘ ቀልድ ነው። ስለ ጨዋታው ማንነት ጥርጣሬ የለኝም፤ ምክንያቱም የጠቀሷቸው ሁለት ነገሮች አንድ ላይ የሚገኙት በዚህ ክፍል ብቻ ነው። በቆሻሻ መርከብ የሚጀምረው ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ማውስና ጽሑፍን አጣምሮ መጠቀምም የዚያ አጭር የሽግግር ዘመን ምልክት ነው። በ1986 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል ሙሉ በሙሉ በኪቦርድ የሚሠራ ሲሆን፣ በ1991 የወጣው አራተኛው ደግሞ ጽሑፍን ጨርሶ ትቶ ሁሉንም ነገር በማውስ አድርጎታል። እርስዎና እህትዎ፣ ሳታውቁት፣ አንዱ ዘመን አልቆ ሌላው ባልጀመረበት ደጃፍ ላይ ተቀምጣችሁ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሽግግር የጥያቄዎን ከባዱን ክፍል ለመመለስ ስለሚረዳኝ ጥቂት ላብራራው። በጽሑፍ በሚታዘዙት ጨዋታዎች ተጫዋቹ ሁለት እንቆቅልሽ ይፈታል፤ አንደኛው በታሪኩ ውስጥ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ማሽኑ ያንን ነገር በምን ስም እንደሚያውቀው መገመት ነው። እንግሊዝኛ አፉን ለፈታበት ልጅ ሁለተኛው ቀላል ነበር። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ «ውሰድ»፣ «ክፈት»፣ «ተመልከት» ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ግን፣ በስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ዕቃ ስሙ ስለማይታወቅ ብቻ እንደሌለ ይቆጠር ነበር። መዝገበ ቃላት ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጦ መጫወት በእኛ ትውልድ የተለመደ ነገር ነው፤ እኔ «መሰላል» እና «ቧንቧ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ ያወቅሁት ከመምህር አይደለም።

ከዚህ ችግር የሚያወጣው መንገድ ብዙም ሳይቆይ ተገኘ። ሮን ጊልበርትና ጋሪ ዊኒክ ለሉካስፊልም ጌምስ ኩባንያ በ1987 ባወጡት «ማኒያክ ማንሽን» ውስጥ፣ ወደ ዐሥራ አምስት የሚጠጉ ግሦች በስክሪኑ ግርጌ ተደርድረው ነበር፤ ተጫዋቹ «ክፈት» የሚለውን ይጫናል፣ ቀጥሎ በሩን ይጫናል፣ ትእዛዙም ይሞላል። የነገሩን ስም ማወቅ ቀርቶ ማየት ብቻ በቂ ሆነ። ሲየራ በ1990 ባወጣው «ኪንግስ ኩዌስት» አምስተኛ ክፍል ደግሞ ግሦቹም ቀርተው በዐይን፣ በእጅና በአፍ ሥዕሎች ተተኩ። የ«ስፔስ ኩዌስት» አራተኛ ክፍል ሠሪዎች፣ ማርክ ክሮውና ስኮት መርፊ፣ በዚህ ላይ አፍንጫና ምላስ ጨመሩበት፤ ለታሪኩ እምብዛም አይጠቅሙም፤ ተጫዋቹ የጠፈር መርከብ ግድግዳ ሲልስ ግን የሚሰጠው መልስ ያስቃል።

ቀላል መሆኑ ግን ዋጋ አስከፍሏል ብዬ አምናለሁ። ግሦቹ ሲደረደሩ፣ የዓለሙ ወሰንም አብሮ ታየ፤ መጻፍ እያለ ግን ማሽኑ ምን ምን ሊገባው እንደሚችል አናውቅም ነበርና፣ ዓለሙ ከሆነው በላይ ሰፊ ይመስለን ነበር። ከእህትዎ ጋር ቅዳሜውን ሙሉ የጻፋችሁት ትእዛዝ አብዛኛው «አልገባኝም» የሚል መልስ እንዳመጣ እገምታለሁ። ያም ሆኖ ቀጣዩ ሳይገባው አይቀርም የሚለው ተስፋ አልጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ስፔስ ኩዌስት» ሦስትን መልሱን የሚያውቅ ሰው ከሁለትና ሦስት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ በዚያን ዘመን የወጡት አብዛኞቹ ጨዋታዎችም እንደዚሁ ናቸው። ታሪኩ በፍሎፒ ዲስክ ላይ መግባት ነበረበት፤ በጊዜው የተለመደው ባለ አምስት ከሩብ ኢንች ፍሎፒ የሚይዘው ደግሞ 360 ኪሎባይት ብቻ ነው። ሠሪዎቹ የሁለት ሰዓት ታሪክ ለገዛ ሰው የሁለት ወር ጨዋታ የሚያደርጉለት እንቆቅልሽን በመሐል በማቆም ነበር። ስለዚህ ጨዋታው ከምንጫወትበት ሰዓት ይልቅ ቆመን በምናሰላስልበት ሰዓት ይበዛል። እርስዎም በልጅነትዎ ከዚያ ጨዋታ ጋር ያሳለፉት ጊዜ በአብዛኛው በቢሮው ወንበር ላይ አልነበረም፤ ከእሑድ እስከ ዓርብ በትምህርት ቤት መንገድ ላይ፣ በራት ሰዓት፣ ከእህትዎ ጋር መብራት ከጠፋ በኋላ በሹክሹክታ ነበር። ከሐሳብዎ ያልወጣው ጨዋታው መልካም ስለነበረ ብቻ አይመስለኝም፤ በዚያ ሳምንት ሙሉ ከሐሳብዎ እንዳይወጣ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ቀጥሎም ሳይዘጋ ስለቀረ ነው።

የእኛው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ለዚህ ሁኔታ ብልህ መላ አለው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የጀመረ ልጅ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ፣ ጥቂት ተቀልዶበት፣ መልሱን ያገኛል። ሽንፈት መውጫ በር አለው ማለት ነው። በእነዚያ ጨዋታዎች አገር የሚሰጠው ለኩባንያው ነበር፤ የፍንጭ መጽሐፍ ለብቻው ይሸጥ ነበር፤ በደቂቃ የሚያስከፍል የፍንጭ ስልክም ነበር። አሜሪካ ያለ ልጅ ወላጆቹ የስልክ ሒሳቡ እስኪመጣ ድረስ ይደውላል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከፍሎፒ ወደ ፍሎፒ በተገለበጠ ቅጂ ለሚጫወት ልጅ ግን መጽሐፉም ስልኩም የለምና፣ የሚሰጠው አገር እንኳ አልነበረውም። እዚያው ይቆማል።

እኔም ቆሜ አውቃለሁ። በ1988 የወጣው፣ ዴቪድ ፎክስ የመሩት «ዛክ ማክራከን» የተባለ ጨዋታ አለ፤ የስልክ ኩባንያ መስለው የገቡ የሌላ ዓለም ፍጡራን በማይሰማ ድምፅ የሰውን ልጅ አእምሮ እያደነዘዙ ሳለ፣ አንድ የሐሜት ጋዜጣ ዘጋቢ ሊያስቆማቸው ከአገር አገር፣ በኋላም እስከ ማርስ ድረስ የሚጓዝበት ነው። በአውሮፕላኑ ውስጥ የበረራ አስተናጋጇን ከቦታዋ ማራቅ ያስፈልጋል፤ ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ እንቁላል ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቶ ማፈንዳት ነው። በቤታችን ማይክሮዌቭ አልነበረም፤ በሰፈራችንም አላየሁም። እንቁላል ሲገባበት እንደሚፈነዳ የሚያውቅ ልጅ ይህን እንቆቅልሽ በአንድ ቀን ይፈታው ይሆናል፤ እኔ ግን ያለኝን ዕቃ በሙሉ በየማሽኑ እየከተትኩ ሳምንታት ፈጅቶብኛል፤ በመጨረሻ ሲፈነዳም ደስታዬ ከግራ መጋባት ጋር የተቀላቀለ ነበር። ከባዶ ሜዳ የሚመጣ የሚመስል እንቆቅልሽ አንዳንዴ የሌላ ሰው ማድ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ግን ናፍቆት ፍርዴን እንዳያጣምመው መጠንቀቅ አለብኝ። ከእነዚያ ማቆሚያዎች የሚበዙት የረቀቁ እንቆቅልሾች ሳይሆኑ ተራ ጥፋቶች ነበሩ። በ«ስፔስ ኩዌስት» የመጀመሪያው ክፍል አንድ መንገደኛ የሮጀርን ተሽከርካሪ ሊገዛው ይመጣል፤ በመጀመሪያው ዋጋ የሸጠ ተጫዋች፣ ቆይቶ በጨዋታው ማገባደጃ የሚያስፈልገውን በጀርባ የሚታዘል የመብረሪያ መሣሪያ ሳያገኝ ይቀራል። ጨዋታው ይህን አይነግረውም፤ ዝም ብሎ ሰዓታት ያጫውተዋል፤ በመጨረሻ መውጫ የሌለው ቦታ ላይ ይጥለዋል። ሮን ጊልበርት በ1989 በጻፈው ጽሑፍ የነቀፈው ይህን ዓይነቱን ነገር ነው፤ ተጫዋቹ ሳያውቅ ነገሩን ሁሉ የሚያበላሽበት፣ ሞቶ ካልሆነ በቀር መማር የማይችልበት አሠራር ጨዋታ አይደለም አለ፤ ኩባንያው ሉካስፊልም ጌምስም ከዚያ ወዲህ ባወጣቸው ሥራዎች መርሁን በአብዛኛው ጠበቀ። በእኔ ግምት ጊልበርት ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንናፍቀው የነቀፈውን ጭምር መሆኑን መካድ አልችልም።

ጀግናው የጽዳት ሠራተኛ መሆኑ ለምን እንደማረካችሁም ጠይቀው ባይሆን እንኳ፣ ልናገር። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ማንኛውም ጀግና ያገኘውን ሁሉ እየለቀመ ኪሱ ይከታል፤ ንጉሥም ይሁን ፈረሰኛ፣ ገመድ፣ የዛገ ቁልፍ፣ የተበላ ፍራፍሬ ተሸክሞ ይዞራል፤ ይህም ከማዕረጉ ጋር አይሄድም። ሮጀር ዊልኮ ግን ወዳቂ ማንሳት ሥራው ነው። ክሮውና መርፊ የጨዋታውን ልማድ የሰውየው ሙያ አደረጉት፤ ሦስተኛውን ክፍል በቆሻሻ ክምር ውስጥ ሲጀምሩትም ቀልዱን እስከ ጫፍ ወሰዱት። በፈረንሳይ በ1989 የወጣው፣ ዴልፊን የተባለው ኩባንያ የሠራው «ፊውቸር ዎርስ» ደግሞ ጀግናው መስኮት አጽጂ ነው፤ በሚያጸዳው ሕንጻ ውስጥ የጊዜ መጓጓዣ መሣሪያ ያገኛል። ከዋክብትን የሚያድነው ካፒቴኑ ሳይሆን መወልወያ የያዘው ሰው መሆኑ፣ በሌሎች ሰዎች ቢሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ ተደብቀው ለሚጫወቱ ሕፃናት የተለየ ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም።

ስለ መልኩም ጥቂት። ያዩት ጨዋታ 16 ቀለማት ብቻ ነበሩት፤ ስክሪኑም በአግድም 320፣ በቁም 200 ነጥቦች ብቻ ይዞ ነበር። ሥዕሎቹ ነጥብ በነጥብ የተቀመጡ አልነበሩም፤ ያ ብዙ ፍሎፒ ይፈጅ ነበርና፣ «ከዚህ እስከዚያ መስመር ሥራ፤ ይህን ክፍት ቦታ በግራጫ ሙላ» የሚሉ ትእዛዞች ሆነው ተቀምጠው ማሽኑ በየጊዜው እንደ አዲስ ይሥላቸው ነበር። እንዲህ ያለው አሣሣል ለቅጠልና ለሰው ፊት አይመችም፤ ለብረት ግድግዳ፣ ለኮሪደርና ለጥቁር ሰማይ ግን የተፈጠረ ይመስላል። የጠፈር ታሪኮች በዚያን ዘመን ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው የሚታዩኝ በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሠሪዎቹ ቀለም ለማብዛት ሁለት ቀለማትን እንደ ዳማ ሰሌዳ ነጥብ በነጥብ እያፈራረቁ ያስቀምጡ ነበር፤ በቀድሞው ወፍራም ስክሪን ላይ ነጥቦቹ እርስ በርስ ይዋሐዱና ዐይን እንደ ሦስተኛ ቀለም ያያቸዋል፤ ዛሬ በጠራው ስክሪን ላይ ግን ያው ሥዕል የተሸነቆረ ጨርቅ ይመስላል። «በልጅነቴ ያየሁት ከዚህ ያምር ነበር» የሚሉ ሰዎች ስለዚህ ትዝታቸው አላታለላቸውም።

በነገራችን ላይ ይህ ናፍቆት የእኛ ብቻ አይደለም። በ«ስፔስ ኩዌስት» አራተኛ ክፍል ሮጀር በጊዜ ተጉዞ ወደ መጀመሪያው ክፍል ዓለም ይመለሳል። እርሱ በ256 ቀለማት ደምቆ ሲገባ አካባቢው ግን የ1986ቱ ድፍን መልክ ነው፤ በመጠጥ ቤቱ ያሉ ሞተር ነጂዎችም ቀለም ማብዛቱን እንደ ኩራት ቆጥረው ይሳለቁበታል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው አምስት ዓመት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡትን በፍጥነት ልለፋቸው። በ1994 ከእንግሊዝ የወጣው «ቢኒዝ ኤ ስቲል ስካይ»፣ የኮሚክ መጻሕፍት ሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ የሣለው፣ በአሚጋ ኮምፒውተር ላይ 15 ፍሎፒ ይዞ ነበር የመጣው፤ በእኔ ዐይን ከሁሉም በጽሑፉ የተዋጣለት እርሱ ነው፤ ጀግናው የጓደኛውን የሮቦት አእምሮ የያዘች ሰሌዳ በኪሱ ይዞ ከአንዱ ማሽን አካል ወደ ሌላው እያዛወረ የሚያነጋግርበት ሐሳብ እስካሁን ይገርመኛል። በ1995 የወጣው «ዘ ዲግ» ከስቲቨን ስፒልበርግ ሐሳብ የመነጨ፣ ቀልድ የቀነሰ፣ ሙዚቃው የሚያስተክዝ ሥራ ነው፤ የአንድ ዔሊ መሰል እንስሳ አጥንት የሚገጣጠምበትን ቦታ ግን እስካሁን ይቅር ያላለው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲያ ገንዘቡም ተጫዋቹም ወደ ሌላ ዓይነት ጨዋታ ሄደ።

ማግኘትን በተመለከተ መልሱ ቀላል ነው። የ«ስፔስ ኩዌስት» የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ጎግ በተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር በአንድ ጥቅል፣ ስቲም በተባለው ደግሞ ከቀሩት ክፍሎች ጋር በአንድ ስብስብ፣ በጥቂት ዶላር ይሸጣሉ። «ቢኒዝ ኤ ስቲል ስካይ» ደግሞ ባለቤቶቹ ከ2003 ጀምሮ በነፃ ስለለቀቁት ያለ ክፍያ ይገኛል። ከገዙ በኋላ ስካምቪኤም የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር እንዲጠቀሙ እመክራለሁ፤ ሉድቪግ ስትሪጊየስና ቪንሰንት ሃም በ2001 የጀመሩት ሲሆን፣ ዛሬ በስልክም ጭምር ይሠራል። ጨዋታዎቹ ድሮም ሁለት ክፍል ነበራቸው፤ አንደኛው ታሪኩንና ሥዕሉን የያዘው ፋይል ነው፣ ሁለተኛው ያንን ፋይል የሚያነበው ፕሮግራም ነው። ስካምቪኤም ሁለተኛውን ብቻ በአዲስ ይተካል፤ መጽሐፉ ያው ሆኖ አንባቢው ይቀየራል እንደማለት ነው።

ሲከፍቱት ሦስት ነገሮችን ያስተካክሉ። የስክሪን ምጥጥን የሚያርመውን ምርጫ ያብሩት፤ አለበለዚያ ሮጀር አጭርና ወፍራም ሆኖ ይታያል፤ ድሮ ነጥቦቹ ከስፋታቸው ቁመታቸው ይበልጥ ነበር። የዳማ ሰሌዳ የመሰለው የቀለም ቅይጥ ካስቸገርዎ፣ ነጥቦቹን አዋሕዶ ወጥ ቀለም የሚያደርግ ምርጫ አለ። ሙዚቃውን አድሊብ በተባለው የዚያን ዘመን የድምፅ ካርድ ድምፅ ያድርጉት። የመሥሪያ ቤቱ ማሽን የድምፅ ካርድ እንዳልነበረውና የሰማችሁት ከሳጥኑ የሚወጣ ጩኸት ብቻ እንደነበር እገምታለሁ፤ የዚህን ክፍል ሙዚቃ የደረሰው ግን የሱፐርትራምፕ ባንድ ከበሮ መቺ ቦብ ሲበንበርግ ነው፤ ስለዚህ እርስዎ ያልሰሙት ነገር እየጠበቀዎት ነው።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ መፍትሔውን ከኢንተርኔት አይክፈቱ። ከፈቱት በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ «ይኼው ነበር እንዴ?» ብለውም ይዘጉታል። እህትዎ የትም አገር ቢሆኑ ደውለው ይንገሯቸው፤ አንዳችሁ እየተጫወታችሁ ሌላችሁ በስልክ ስክሪኑን እያያችሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሁን። በየመሐሉ ሴቭ ያድርጉ፤ የድሮውን ሴቭ ሳያጠፉ በተለየ ስም ያስቀምጡት፤ ሮጀር ብዙ ጊዜ ይሞታልና።

ሞተሩ ስላልተነሳባት መርከብ ደግሞ፣ አገር ሳትሰጡኝ፣ ይህን ያህል ልንገራችሁ። የጎደላት ዋና ዕቃ ከዚያው ከቆሻሻው ክምር ውስጥ አለ፤ ምናልባትም ያኔ አይታችሁት፣ ለማንሳት ጽፋችሁ፣ በጣም ከባድ ነው ተብላችሁ ትታችሁታል። ሮጀር አያነሳውም። ከራሱ በላይ፣ ከጣሪያው ሐዲድ ላይ ምን እንደተንጠለጠለ ግን አልተመለከታችሁም።